ሁሉም «ያምራል» ይሉኛል፤ እኔ ግን ያነሳሁት ብቸኝነቴን ነበር

ጥያቄ፦

«ዘንድሮ ጎጃም፣ ድጓ ጽዮን የተመደብኩ መምህርት ነኝ። ቤተሰቦቼ ባሕር ዳር ናቸው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ የተከራየኋትን አንድ ክፍል ከፍቼ ከገባሁ እስከ ማግስቱ ጠዋት የማናግረው ሰው የለኝም። ስሜቴን ለሰው መናገር ቢያቅተኝ በፎቶ ልግለጸው ብዬ ጀመርኩ። አንድ የሳምሰንግ ስልክ፣ አጎቴ የሰጠኝ ያረጀ ካኖን ካሜራና ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ። ጉም የለበሰውን የጮቄ ተራራ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ባዶ ወንበር፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ አነሳሁ። ለጓደኞቼ ስልክላቸው ‹ዋው፣ ያምራል! ለሽርሽር እንመጣለን› አሉኝ። አንዷም አልገባትም። ምኑን ነው ያጠፋሁት? ካሜራውን ሸጬ የተሻለ ስልክ ልግዛ? ደግሞስ እንዲህ ያለውን ፎቶ ለእናቴ ብልክላት ምን ይመስላችኋል?

መ.፣ ከድጓ ጽዮን»

መልስ፦

እህታችን መ.፣

ጓደኞችሽ አልዋሹሽም፤ ፎቶዎቹ ያምራሉ። ጣጣው ያለው እዚያው ላይ ነው። አያይዘሽ ከላክሻቸው አራቱ መካከል ሦስቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቢወጡ ማንም አይገረምም። ጮቄ ጉም ለብሶ፣ ሰማዩ ብርቱካን መስሎ፣ ዛፉ መሃል ላይ ተገትሮ። ይህን ያየ ሰው ስለ አየሩ ንጽሕና ያስባል እንጂ ማታ ብቻዋን ስለምትበላ መምህርት በምን ያውቃል? በፎቶው ውስጥ የጎደለ ነገር የለማ። የተራራ ጫፍ ላይ ሰው ባይኖር ማንንም አይከፋውም፤ ዛፍም ብቻውን ቢቆም አይከፋውም። ብቸኝነት በፎቶ የሚታየው ለሰው በተሰናዳ ቦታ ላይ ሰው ሲጎድል ነው። አራተኛው ፎቶሽ፣ የባዶው ወንበር፣ ወደዚህ ተጠግቶ ነበር። ግን ወንበሩ ግድግዳ ጥግ የተቀመጠ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ማንም ያልተነሳበት፣ ማንም የማይጠበቅበት። የሚሸጥ ይመስላል።

ስለዚህ ተራራውን ለጊዜው ተይውና ከክፍልሽ ጀምሪ። መጀመሪያ የምታነሺውን እኛ እንንገርሽ።

እንጀራሽን በትንሽ ሳህን ሳይሆን በሰፊው ትሪ አቅርቢ። ወጡን መሃል ላይ አድርጊና ከአንድ በኩል ብቻ እየቆረስሽ ብዪ፤ ሲሦው ያህል ሲያልቅ አቁሚ። አሁን ተነሺና ዞረሽ፣ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ካሜራውን አድርጊው። ያልተነካው የእንጀራ ጠርዝ ወደ ሌንሱ ቀርቦ፣ የተቆረሰው በኩል ርቆ፣ ከጀርባው ደግሞ አንቺ የተነሳሽበት በርጩማ ይታያል። ትሪ ከየአቅጣጫው እንደሚበላ የማያውቅ አገርኛ ተመልካች የለም። ከአንድ በኩል ብቻ የተበላ እንጀራ ሲያይ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ያልተነካው በኩል የተቀመጠው ደግሞ ራሱ ተመልካቹ ነው፤ የቀረው ሰው እሱ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንነግርሽ ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው፦ ካሜራውን በቀረው ሰው ቦታ ላይ አስቀምጪው። (ጎጃም ተቀምጣ ለምታነብ ሰምና ወርቅ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን እንለፈው። እንጀራው ሰሙ ነው፤ ወርቁን አንቺ ታውቂዋለሽ።)

አሠራሩ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ከፍታው ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሳ ትሪ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይሆናል፤ ሌንሱ ከትሪው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይበል፣ የተቀመጠ ሰው ዓይን ያለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ። የጣሪያ አምፖል ሁሉንም እኩል ያበራና የእንጀራውን ዓይን ያጠፋዋል። አምፖሉን አጥፊና መብራቱ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ አድርጊ፤ ከመስኮት ወይም ከበር ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነም ትሪው ትይዩ በተቀመጠ ፋኖስ ወይም የባትሪ መብራት። ብርሃን በጎን ሲጋልብ ዓይኑም፣ የተቆረሰበት ጠርዝም ጥላ ያወጣል። ሦስተኛው ቸኩሎ ማጽዳት ነው። ሰው ፎቶ ሊያነሳ ሲል ቤቱን ያዘጋጃል፤ የፈተና ወረቀቱን ያነሳል፣ ጫማውን ይደብቃል። አትንኪው። ወረቀቱ፣ ቻርጀሩ፣ አንዲት ጥንድ ነጠላ ጫማ እዚያው ይቆዩ።

ቡናም እንዲሁ ነው። ረከቦቱ ላይ ስድስት ስኒ ካለሽ አምስቱን ድፊያቸውና አንዱን ቅጂ። ወይም ደግሞ ሁለት ቀድተሽ አንዱን ጠጪ፣ ሁለተኛውን ፊት ለፊት ካለው መቀመጫ ሥር አስቀምጪና በረዶ እስኪሆን ጠብቂ፤ የቀዘቀዘ ቡና ላይ የሚሰፋው ስስ ሽፋን በቅርብ ሲነሳ ይታያል። እንፋሎት እንዲታይ ከፈለግሽ ብርሃኑ ከእንፋሎቱ ኋላ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ደግሞ ጨለማ መሆን አለበት። ነጭ ግድግዳ ፊት እንፋሎት አይታይም። የእናንተ አገር ብርድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ይወፍራል።

ስለ ስልኩ እንነጋገር፤ ግማሹን ጥፋት የሠራው እሱ ነውና። የዛሬ ስልክ አንድ ጊዜ ስትጫኚው በተከታታይ ብዙ ምስል አንስቶ ያዋህዳል። የጨለመውን ያበራል፣ የበራውን ያረግባል፣ ቀለሙን ያደምቃል። ለሠርግ ፎቶ መልካም ነው። ላንቺ ግን ጥላሽን ይበላብሻል፤ ግማሽ ጨለማ የነበረው ክፍል ጸድቶ የሚከራይ ክፍል ይመስላል። የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ ኤችዲአርን (ምስሎቹን የሚያዋህደውን)፣ ትዕይንት አሻሽል የሚለውንም፣ አጥፊ። ከዚያ «ፕሮ» የሚለውን፣ ሁሉን በእጅሽ የምታስተካክዪበትን፣ ክፈቺና ብርሃኑን ወደ −0.7 ወይም −1 አውርጂ። ፕሮ ከሌለው የምትፈልጊውን ነገር ስክሪኑ ላይ እስኪቆለፍ ተጭነሽ ቆዪና የሚመጣውን የብርሃን ማንሸራተቻ ዝቅ አድርጊ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ጨለማ ክፍል ሲያይ «ይህ ጨልሟል» ብሎ ያበራል፤ ጉም ሲያይ ደግሞ «ይህ በጣም ነጥቷል» ብሎ ያጨልማል። ስለዚህ ክፍልሽ ውስጥ ትቀንሺያለሽ፣ ጉም ላይ ግን ትጨምሪያለሽ፣ ከ+0.7 እስከ +1። የላክሽው የጮቄ ጉም እንደ ቆሸሸ ውሃ ግራጫ የሆነው ስላልጨመርሽ ነው።

ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ብቸኝነት አይጨምርም። ይህን ደጋግመን ስለምንጠየቅ ነው። የጠገበ ሰው በጥቁርና ነጭ ቢነሳም የጠገበ ነው። ቀለሙ ራሱ የሚያወራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከውጭ ሰማያዊ የመስኮት ብርሃን ገብቶ ከውስጥ ቢጫ ኩራዝ ካለ፣ ቀለሙን መግደል ኪሳራ ነው። ቀለሙ የሚረብሽ ከሆነ ብቻ አጥፊው፦ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ ጥግ ላይ ዓይን እየሰረቀ ሲያስቸግር።

ወደ ፀሐይ እንምጣ። ብርቱካን ሰማይ ደስታ ነው፤ ምንም ብታደርጊው አያዝንም። አንቺ የምትፈልጊው ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ አግድም አትንሸራተትም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ምሽቱም ቶሎ ይመጣል። ከጠለቀች ጀምሮ ለካሜራ የሚሆን ብርሃን ያለሽ 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሰማያዊው የሚያምረውም ከ10ኛው እስከ 20ኛው ደቂቃ ነው። በዓመቱ ውስጥ መጥለቂያዋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ 1 ሰዓት ጥቂት ሲቀር ባለው ጊዜ ይዋልላል። ስለዚህ ቦታውን፣ መቀመጫውን፣ የካሜራውን ማሳረፊያ ቀን ላይ ጨርሰሽ ምሽቱን ጠብቂ፤ በዚያ ሰዓት ቦታ መፈለግ ከጀመርሽ መሽቶብሻል።

የቀትር ብርሃን መጥፎ ነው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ለፊት እውነት ነው፤ በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ በእኛ ላይ አናት ለአናት ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል። ላንቺ ጉዳይ ግን ቀትር አይናቅም። ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሄደው ግቢው ሲነጣ፣ የባንዲራ ምሰሶው ጥላ እግሩ ሥር ሲሰበሰብ፣ አንዲት ኳስ ተረስታ ስትቀር፣ ከመሸው ይልቅ ያ ይከብዳል። ጫጫታው የነበረበት ቦታ ነውና።

አሁን ራስሽን ወደ ፎቶው አስገቢ። ሰው በሰፊ ቦታ ላይ አንሶ መታየቱ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ልኩን አያውቀውም። ስልክሽን አግድም አድርገሽ በዋናው ሌንስ ስታነሺ፣ ከሌንሱ 16 ሜትር ያህል የራቀ የቆመ ሰው የምስሉን ከፍታ አንድ አሥረኛ ይይዛል። ይህ ጫፉ ነው። ምስሉ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ስለሚኖረው አንቺ 5 ሚሊ ሜትር ትሆኛለሽ። ከዚያ ካነስሽ ሰው መሆንሽ አይለይም፤ ፎቶው ተመልሶ የተራራ ፎቶ ይሆናል። ከ10 እስከ 16 ሜትር መካከል ቆዪ። ነጠላሽን ከለበስሽ ከኋላሽ ባሕር ዛፍ ወይም የታረሰ ጥቁር መሬት ይኑር፤ ከኋላሽ ጉም ከሆነ ደግሞ ጥቁር ካፖርት ልበሺ። የአድማስ መስመሩ አንገትሽን እንዳይቆርጠው ካሜራውን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጊ። የምትመለከችበት አቅጣጫም ወሬውን ይለውጠዋል። ባዶው ሰፊ ቦታ ወዳለበት ብታዪ ሰው እየጠበቅሽ ይመስላል፤ ጠርዙ ወደቀረበበት፣ ወደ ቅርቡ ድንበር ብታዪ ግን ግድግዳ የገጠመሽ ይመስላል። ሁለቱንም አንሺና የትኛው አንቺን እንደሚመስል ራስሽ ፍረጂ።

ማቆሚያ አትግዢ። አንድ ኪሎ ሽንብራ በጨርቅ ከረጢት ጨምሪና አፉን ስፊው፤ ድንጋይ ላይም በርጩማ ላይም ስልኩን ወይም ካሜራውን አቅፎ ይይዛል። ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አትጠቅጥቂው፤ ሲሦው ክፍት ካልሆነ አይታጠፍም። የፊት ካሜራውን ሳይሆን የኋላውን ተጠቀሚ። ትኩረቱን ለመያዝ የምትቀመጪበት ቦታ ላይ ጀበናውን አስቀምጪ፣ ስክሪኑ ላይ ጀበናውን እስኪቆለፍ ተጫኚ፣ የ10 ሰከንድ ቆጣሪውን አስጀምሪ፣ ጀበናውን አንሥተሽ በቦታው ተቀመጪ። በካኖኑም ያው ነው፤ ጀበናው ላይ ካተኮርሽ በኋላ ሌንሱ ጎን ያለችውን ቁልፍ ወደ ኤምኤፍ፣ ትኩረቱ በእጅ ብቻ ወደሚዞርበት፣ አዙሪያት፤ አለበለዚያ ቆጣሪው ሲያልቅ እንደገና ይፈልግና ግድግዳውን ያጠራዋል። ኤፍ 1.8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ፣ ጥርት የሚለው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ትንሽ ዘንበል ካልሽ ዓይንሽ ይደበዝዛል። ወደ ኤፍ 5.6 ስትሄጂ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ታገኛለሽ። ለራስ ፎቶ ይህኛው ይሻላል።

ፊትሽን አታሳዝኚ። ለካሜራ ማዘን ቲያትር ነው፤ ተመልካች ወዲያው ያውቃል። ሥራ ሥሪ፤ ምስር ልቀሚ፣ የፈተና ወረቀት አርሚ፣ ልብስ እጠፊ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ቆጣሪውን ካስኬድሽ በኋላ ፊት ይሰለቻል፣ እጅም ካሜራውን ይረሳል። የሚሆነው ያኔ ነው። ቤትሽ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳው ብርሃን ስለሚውጥ፣ ከበሩ አንድ ሜትር ገባ ብለሽ በጎንሽ ስትቀመጪ ግማሽ ፊትሽ ይጠፋል። ነጭ የተቀባ ከሆነ ግን ብርሃኑ ተመልሶ ጥላውን ያሳሳዋል፤ በጨለማው በኩል ጥቁር ጨርቅ ስቀዪ።

ካሜራውን ግን አትሽጪው። ያረጁት የአማተር ካኖኖች ሴንሰራቸው (ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ) ስለሚያንስ 50 ሚሊ ሜትሩ እንደ 80 ነው የሚሠራው። 3 ሜትር ርቀሽ ስታነሺ በስፋት የሚገባልሽ 1.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በስልኩ ግን በዚያው ርቀት 4 ሜትር ይገባል። ክፍሉን በስልኩ፣ እጅንና ፊትን፣ በሩቅ የሚሄድን ሰው በካሜራው አንሺ ማለት ነው። ፊትን በስልክ በጣም ተጠግተሽ ካነሳሽ አፍንጫው ይተልቃል፣ ጆሮ ይሸሻል፤ 50ው ያን አያደርግም። በእጅ ይዘሽ ስታነሺ የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/80 ሰከንድ አታውርጂው። ጨለማ ከሆነብሽ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) እስከ 1600 ውሰጂው፤ የሚመጣው ሸካራነት ለዚህ ዓይነት ፎቶ አይከፋም። ስልኩ «ፖርትሬት» ብሎ በሐሰት ከሚያደበዝዘው፣ የነጠላውን ጥለት ከሚቆራርጠውም፣ የአሮጌ ሌንስ እውነተኛ ድብዘዛ ይበልጣል።

በሰው መሃል ብቻ መሆንም አለ፤ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ይህን ለማሳየት ካሜራው ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ታደርጊያለሽ። በ1838 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ አንድ የተጨናነቀ ጎዳና አነሳ። ምስሉ ለመቀረጽ ደቂቃዎች ስለወሰደ ሠረገላውም እግረኛውም ተንቀሳቅሶ ጠፋ፤ ጎዳናው ባዶ መስሎ ወጣ። ቆሞ ስለነበር ብቻ በጉልህ የቀረው አንድ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው ነው፣ ሊስትሮው አጠገቡ። አንቺም በዚያው ሕግ ትሠሪያለሽ። በገበያ ቀን ካሜራውን ከረጢቱ ላይ አድርጊ፤ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ 1/4 ሰከንድ። አንቺ ድርቅ ብለሽ ቁሚ። የሚራመድ ሰው በዚያ ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሄድ እንደ ጢስ ይሳባል፤ አንቺ ጥርት ትያለሽ። አንድ ሰከንድ ካደረግሽው ሰዎቹ ከመሳብ አልፈው መጥፋት ይጀምራሉ፤ ያ ሌላ ፎቶ ነው፣ ሰዉ ከሌለ ብቸኝነቱም የለም። ፀሐይ ላይ ግን አትሞክሪው። በዚያው ኤፍ 16 ላይ ትክክለኛው ፍጥነት 1/125 ገደማ ስለሆነ ሁሉም ነጭ ይሆንብሻል። ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ገበያው ሲበተን፣ ሰዉ አህያውን እየነዳ ወደየቤቱ ሲገባ ነው ሰዓቱ። በስልክ ከሆነ የሌሊት አነሳሱ ለጥቂት ሰከንድ ስለሚቆይ እሱን ሞክሪው፤ ስልኩ የሚንቀሳቀሰውን ለማጥራት ስለሚታገል ውጤቱ አንዴ ይሰምራል፣ አንዴ አይሰምርም።

ብርዱን አትርሺ። ከውጭ ቀዝቅዞ የገባ ካሜራ እሳት የነደደበት ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል። ከመግባትሽ በፊት ፌስታል ውስጥ ከተሽ እሰሪውና ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፤ ጠሉ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ባትሪውን የውስጥ ኪስሽ ውስጥ አድርጊው፣ ብርድ ላይ ቶሎ ይደክማል። ጢስ የጠጣ የስልክ ሌንስ ሁሉን ነገር ቅባት ያስመስላል፤ በነጠላሽ ጫፍ ከመጥረግሽ በፊት አቧራውን እፍ በዪው፣ አለዚያ ትቧጭሪዋለሽ።

ሰዎችን ስለማንሳት ቆጠብ ያለ ምክር አለን። ብቻቸውን የተቀመጡ አረጋዊት ስታዪ፣ ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ስታዪ እጅሽ ወደ ካሜራው ይሄድ ይሆናል። ዲማም ደብረ ኤልያስም ብትሄጂ ከአገሩ ርቆ ለቅኔ የመጣ ልጅ ታገኛለሽ። የእሱ መለየት ግን የራሱ ዓላማ አለው፤ የአንቺን ኀዘን እንዲሸከምልሽ አልመጣም። የሰው ድህነትም ያንቺ ብቸኝነት ምሳሌ አይደለም። ማንሳት ከፈለግሽ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ አውሪ፣ ከዚያ «እትዬ፣ አንድ ላንሳዎት?» በዪ። ተማሪ ከሆነ የኔታን አስፈቅጂ፤ ያንቺን ተማሪዎች ከሆነ ወላጃቸውን። ያነሳሽውን አሳዪያቸው፣ አሳትመሽም አምጪላቸው። ድልድይ፣ ካምፕ፣ ኬላና የጸጥታ ሰዎች ባሉበት ካሜራ ከቦርሳ አይውጣ። ማለዳና ምሽት ከከተማው ራቅ ብለሽ ብቻሽን አትሂጂ፤ አንዲት ተማሪሽን ከነወንድሟ ይዘሽ ብትወጪ ፎቶው አይበላሽም።

ሃያ ሠላሳ ፎቶ ሲጠራቀም በስልክ ላይ አትምረጪ። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ስትወርጂ 10 በ15 አሳትሚያቸው። ለዚህ መጠን 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋልና በፋይል ላኪ። ማተሚያ ቤቱ በራሱ ያበራዋል፤ «ምንም አታስተካክሉ፣ እንዳለ አትሙት» በዪ፣ ካላልሽ ስትደክሚለት የከረምሽውን ጥላ አጥበው ያስረክቡሻል። ከዚያ መሬት ላይ ዘርጊያቸውና ሰባት እስከ ዘጠኝ አስቀሪ። ሁሉም ብቸኛ ከሆኑ ዓይን ይለምዳቸዋል። አንድ የማኅበር ወይም የጎረቤት ቡና ፎቶ፣ ስኒው ሁሉ ሞልቶ፣ እጅ በእጅ ላይ ተደራርቦ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቦታ ላይ አስገቢ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ትሪ ያኔ ይከብዳል። መግለጫ ስትጽፊ «ብቸኝነት» የምትለዋን ቃል አታስገቢ። ቀንና ሰዓት ብቻ፦ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት»።

አንድ ነገር በግልጽ እንበልሽ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ወይም መኖር አታካች መስሎ ከታየሽና ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ያ የፎቶ ጉዳይ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሂጂና እንዳለ ንገሪያቸው፣ ወደ ሆስፒታል ይጽፉልሻል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ፣ ሰውም ይዘሽ።

ስለ እናትሽ ላነሳሽው፦ ሩቅ ቆመሽ የተነሳሽውን፣ የግቢውን፣ የገበያውን ላኪላቸው፤ ከመላክሽ በፊት ግን ደውዪ፣ ድምፅሽን ይስሙ። ትሪውን ግን ለጊዜው አትላኪ። ጓደኞችሽ ብርሃኑን ያያሉ፣ እኛም ባዶውን ቦታ እናያለን፤ እናት የምታየው ግን የተበላው ማነሱን ብቻ ነው። በማግስቱ በአውቶብስ አንድ ጆንያ ድርቆሽ ይደርስሻል።